ነፍጥ፦ የአንዲት ቃል ረጅም መንገድ

በምሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ ነፍጥ የታጠቁ ሰው አንድ ብቻ ናቸው፤ የጥበቃ ሠራተኛችን። እኛ ሠራተኞቹም፣ ደንበኞቹም፣ የጎረቤት ባለሱቆችም ሁሉ «ጋሼ» እንላቸዋለን። ዕድሜያቸው ከስድሳ ዘለል ብሏል፤ ጠመንጃቸውም ከእርሳቸው ብዙ የሚያንስ አይመስልም። ጠዋት በሩን የሚከፍቱት፣ ሰልፍ የሚያስይዙት፣ ነፍሰ ጡርና አረጋዊ መርጠው የሚያስቀድሙት እርሳቸው ናቸው። መብራት ሲጠፋም ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ ጀሪካን አንጠልጥለው ወደ ጓሮ ዞረው ጄኔሬተሩን የሚያስነሡልን እርሳቸው ናቸው። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁና።

አንድ የደመወዝ ሰሞን ኔትወርክ ተቋርጦ ሰልፉ እስከ በር ደርሶ ነበር። ሰው ሲቆም ይሰለቻል፤ ሲሰለች ይቆጣል። አንድ ወጣት ከፊቱ ከነበሩ ጎልማሳ ጋር በተራ ተጣላ። «እኔ ነኝ የቀደምኩት»፣ «አይደለህም» ሲባባሉ ቆዩ። ወጣቱ በመጨረሻ፣ ከጎልማሳው አነጋገር ተነሥቶ ይሁን ከስማቸው አላውቅም፣ «ድሮም ነፍጠኛ ተራ አያውቅም!» አለ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ያን ዓይነቱን ጸጥታ በዚህች ሀገር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ጋሼ ከበርጩማቸው ተነሥተው ቀስ ብለው መጡና ወጣቱን እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፣ እዚህ ቤት ነፍጥ የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጠብህ ከእኔ ጋር ከሆነ፣ ና ውጭ ሻይ ልጋብዝህና እንነጋገር።» ሰው ሁሉ ሳቀ። ወጣቱም አፍሮ ፈገግ አለ። ጎልማሳው ግን አልሳቁም። ተራቸው ደርሶ ገንዘባቸውን ስሰጣቸው ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱትና ወጡ። በሙያዬ እንዳየሁት፣ ገንዘቡን ሳይቆጥር የሚወጣ ሰው ወይ እጅግ የተደሰተ ነው፣ ወይ እጅግ የተጎዳ።

ማታ ቅርንጫፉ ተዘግቶ ስወጣ ጋሼ አስቆሙኝ። «አንተ ልጅ፣ ግጥም ትጽፋለህ አሉ። ለመሆኑ ነፍጥ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ጠመንጃ ነዋ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ፤ ስንት ዘመን ተሸክሜው! ቃሉን ነው የምልህ። ማን አወጣው? ከየት መጣ?»

መልስ አልነበረኝም። የቋንቋ ፍቅር አለኝ የምል ሰው፣ ሰዎችን ሲያቆስል በየቀኑ የምሰማውን ቃል ትውልድ ሳላውቅ መኖሬ አሳፈረኝ። ይህ ጽሑፍ ለጋሼ የዘገየ መልሴ ነው።

*

የቃሉን ፈለግ ወደ ኋላ ስንከተል መጨረሻው ላይ የምናገኘው የጦር ሜዳ አይደለም። ከመሬት ስንጥቅ በራሱ ጊዜ የሚፈልቅ ጥቁር ዘይት ነው። በመስጴጦምያ፣ በዛሬዋ ኢራቅ፣ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር ባለችው በሂትና በመሰል ሥፍራዎች ቅጥራንና ዘይት ከጥንት ጀምሮ ከምድር ይመነጭ ነበር። የባቢሎንና የአሦር ሰዎች በአካድኛ ቋንቋቸው ይህን ዘይት «ናፕጡ» ይሉት ነበር። ቃሉ ወደ ፋርስ ተሻግሮ «ናፍት» ሆነ፤ ወደ ግሪክ ተሻግሮ «ናፍታ» ተባለ፤ ወደ ዐረብኛ ገብቶ «ነፍጥ» ሆነ። ዐረቦች በወፍራሙ «ጣ» ፊደላቸው የሚጽፉትን ድምፅ እኛ ብዙ ጊዜ በ«ጠ» ስለምንቀበለው፣ ከዐረብኛ ወደ እኛ ሲመጣ ቃሉ ልብሱን እንኳ አልቀየረም።

የዚህ ዘይት ጠባይ የጥንት ሰዎችን ያስደንቃቸው ነበር። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ በእስክንድር ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ያወጋል። ታላቁ እስክንድር ባቢሎን ምድር በደረሰ ጊዜ የሀገሬው ሰዎች የዘይቱን ኃይል ሊያሳዩት ፈልገው ወደ ማረፊያው የሚወስደውን መንገድ በዘይቱ አርከፈከፉት። ሲመሽ በአንድ ጫፍ እሳት ቢነኩት፣ መንገዱ በዐይን ጥቅሻ ከዳር እስከ ዳር ነደደ። ከዚያም በእስክንድር ፊት እስጢፋኖስ የሚባል፣ መልኩ የማያምር ዘፈኑ ግን የሚጥም ልጅ ነበርና ገላው ላይ ዘይቱ ይሞከር ተባለ። ልጁም ደስ ብሎት እሺ አለ። እሳት ሲነካው ሰውነቱ በሙሉ ተያያዘ። ለገላ መታጠቢያ ውኃ የያዙ ብዙ አገልጋዮች አጠገቡ ባይኖሩ ኖሮ አይተርፍም ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ክፉኛ ተጎዳ። ነፍጥ በጽሑፍ ስሙን ያቆየልን አንድ ተጎጂ እንግዲህ ወታደር አይደለም፤ ዘፋኝ ልጅ ነው።

ሌላም እናውቀው የነበረ፣ ግን ልብ ያላልነው ቦታ አለ። ሠለስቱ ደቂቅ የተጣሉበትን እቶነ እሳት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን የለም። በግሪክኛው የትንቢተ ዳንኤል ትርጉም፣ የንጉሡ አገልጋዮች እቶኑን ያነድዱበት ከነበሩት ነገሮች ስም ዝርዝር ውስጥ ከዝፍትና ከጭራሮ ጋር «ናፍታ» ይገኛል። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል የተጣሉበት እሳት የነፍጥ እሳት ነበር ማለት ነው።

*

ታዲያ ዘይቱ እንዴት ጠመንጃ ሆነ?

በመጀመሪያ ዘይቱ የጦር መሣሪያ ሆነ። በዐባሳውያን ዘመን ከባግዳድ ጦር ጋር «ነፋጡን» የሚባሉ ወታደሮች ይዘምቱ ነበር፤ ሥራቸው ነፍጥ የተሞላ ማሰሮ እያቀጣጠሉ በጠላት ላይ መወርወር ነው። እሳት እንዳይበላቸው የተለየ ልብስ ይለብሱ እንደነበር ተጽፏል። ልብ እንበል፤ «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል የሚገባቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እነዚህ ናቸው። ጠመንጃ አላዩም። ጠመንጃ ገና አልተወለደምና።

ከዚያ ከሩቅ ምሥራቅ ሌላ እሳት መጣ። በቻይና ምድር በ9ኛው መቶ ዘመን ገደማ የታወቀው ባሩድ በ13ኛው መቶ ዘመን ወደ ዐረቡ ዓለም ደረሰ። ለባሩድ መሥሪያ ዋናው ቅመም የሆነውን ነጭ ጨው የግብጽ ሰዎች «የቻይና በረዶ» ይሉት ነበር። «ባሩድ» የሚለው ስም ራሱ መጀመሪያ የዚህ ጨው ስም ነበር፤ በኋላ ነው የድብልቁ ሁሉ ስም የሆነው።

ሰው አዲስ ነገር ሲያይ አዲስ ስም ከማውጣት ይልቅ ያለውን ስም ማስፋት ይቀናዋል። በግብጽ የማምሉኮች መንግሥት የሆነውም ይኸው ነው። ዘይቱ ሩቅ ሆኖ፣ ባሩዱ እየቀረበ ሲመጣ፣ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን «ነፍጥ» የሚለው ስም ከሚነደው ዘይት ተነሥቶ በሚፈነዳው ዱቄት ላይ ተቀመጠ። ከዱቄቱም አልፎ ዱቄቱን በሚተፋው ብረት ላይ ወጣ። ለዚያ ብረት የሰጡት ስም ደግሞ የቅኔ ሰው ያወጣው ይመስላል። «የነፍጥ ኩል መያዣ» አሉት። ሴቶች ዐይናቸውን የሚኳሉበት ጥቁር ዱቄት ያለበት ብልቃጥ ረጅምና ቀዳዳ ነውና፤ መድፉም ጥቁር ዱቄት የሚጎርስ ረጅም ቀዳዳ ነው። ኩል የሚለውን ቃል እኛም ስለምንጋራው ምስሉ ያለ አስተርጓሚ ይገባናል።

*

ወደ ሀገራችን ቃሉ ከጠመንጃው ቀድሞ ሳይመጣ አልቀረም። የግብጹ ታሪክ ጸሐፊ አል ማቅሪዚ እንደሚተርከው፣ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1414 እስከ 1429) ከግብጽ የኮበለለ አንድ የማምሉክ መኮንን ወደ ንጉሡ መጥቶ ወታደሮቻቸውን የጦር ስልት፣ የሰይፍና የጦር አያያዝ፣ ነፍጥ መወርወርንም አስተማረ። መወርወር የሚለውን ልብ ይሏል። ሊሆን የሚችለው የሚወረወር እሳት እንጂ የሚተኮስ ጥይት አይደለም።

መቶ ዓመት አልፎ እውነተኛው ጠመንጃ ሲመጣ ግን መከራ ይዞ መጣ። በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የዐፄ ልብነ ድንግልን ጦር ድል ካደረጉ በኋላ ሀገሪቱ ለዐሥራ አራት ዓመት ያህል ታመሰች። በ1533 ዓ.ም. የባሕረኛው የቫስኮ ደ ጋማ ልጅ ክሪስቶቮ ደ ጋማ 400 ፖርቱጋላዊ ነፍጠኞችን ይዞ ምጽዋ ወረደ። ኢማሙም በበኩላቸው ከየመን፣ ከኦቶማን ቱርኮች፣ 900 ያህል ነፍጠኛ ተላከላቸው። በ1534 ዓ.ም. ክሪስቶቮ ተማርኮ ተገደለ፤ በ1535 ዓ.ም. ደግሞ ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ በጥይት ተመትተው ወደቁ። የአንድ ሀገር ልጆች በሁለት ባዕድ እሳት ተቃጠሉ። ከዚያ ዘመን ወዲህ በግእዝ በተጻፉት ዜና መዋዕሎች «ነፍጥ» የሚለው ቃል የተለመደ ሆነ። የነፍጠኞች አለቃ ማዕረግም «ቱርክ ባሻ» ተባለ። ነፍጡ ከነስሙ ዐረባዊ፣ አለቃው ከነማዕረጉ ቱርካዊ ሆኖ ቤተ መንግሥት ገባ።

የሚደንቀው ግን አማርኛ ይህን የባዕድ ብረት እንዴት አድርጎ የራሱ እንዳደረገው ነው። «ተኮሰ» የሚለው ግስ የጠመንጃ አይደለም፤ የእሳት ነው። ትኩስ፣ ትኩሳት፣ መተኮስ ሁሉም ከአንድ ምድጃ የወጡ ናቸው። ጠመንጃ ለሐበሻ «አፍ» አለው፤ አፈ ሙዝ እንላለን። አፍ ስላለውም «ይጎርሳል»። ጥይት ስናስገባበት «አጎረስነው» እንላለን። ለእናት፣ ለእንግዳ፣ ለሙሽራ የምናደርገውን የፍቅር ሥራ ስም ለጠመንጃ መስጠታችን ምን ያህል እንደለመድነው ያሳያል። ከውጭ ስም ሳንበደር ያወጣንለት ልጅም አለ፤ ሽጉጥ። ሸጎጥ ተደርጎ የሚያዝ ነውና።

*

ነፍጥ ብቸኛ ልጅ አይደለም። ወንድሞቹም እያንዳንዳቸው ታሪክ አላቸው።

የሁሉ ታላቅ ስም ሆኖ የቀረው «ጠመንጃ» ከቱርክኛው «ታባንጃ» ጋር ዘመድ ነው፤ በቱርክኛ ሽጉጥ ማለት ነው። በፋርስኛ «ታፓንቼ»፣ በህንድ ምድር «ታማንቻ» ይባላል። በጥንቱ ፋርስኛ ግን ይህ ቃል ሽጉጥ ከመሆኑ በፊት «ጥፊ» ማለት ነበር። በእጅ መዳፍ ፊት ላይ የሚያርፍ ተራ ጥፊ! ጥፊው ሽጉጥ ሆነ፤ ሽጉጡ እኛ ዘንድ ሲደርስ ረዝሞ ጠመንጃ ሆነ። የሰው ልጅ ቁጣም ያደገው በዚሁ ልክ ነው።

«መድፍ» በዐረብኛ መግፋት ከሚለው ግስ የወጣ ነው። «ዝናር» መነሻው በግሪክኛ መቀነት ነው፤ በዐረቡ ዓለም ክርስቲያኖች የሚታወቁበት መታጠቂያ ስም ሆኖ ኖረ፤ እኛ ጥይት ደረደርንበት። «ሰናድር» እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ የያዙት የስናይደር ጠመንጃ ነው። «ውጅግራ» ፈረንሳዮች «ፊዚ ግራ» የሚሉት ነው፤ ግራ የሠሪው መኮንን ስም ሲሆን፣ «ፊዚ» የሚለው ደግሞ ከላቲኑ የምድጃ ስም የተወለደ ነው። እንደገና እሳት! «ቤልጅግ» የሀገር ስም ነው፤ «ክላሽ» የሰው ስም።

እንደ ባንክ ሠራተኛ ከሁሉ የገረመኝ ግን «መትረየስ» ነው። ከፈረንሳይኛው «ሚትራዬዝ» የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ በጥንቱ ፈረንሳይኛ የሳንቲም ፍርፋሪ፣ ዝርዝር መዳብ ማለት ነበር። መድፍ ጥይት ሲያጣ ቁርጥራጭ ብረት ይሞሉበት ነበርና፣ ያ ቁርጥራጭ በዝርዝር ሳንቲም ስም ተጠራ። ቀኑን ሙሉ ዝርዝር ስቆጥር እውላለሁ፤ መትረየስ እየቆጠርኩ መሆኔን አላውቅም ነበር።

ገንዘብና ጠመንጃን ካነሣን የአንድ ገጣሚ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ሃያ ዓመት አካባቢ ሲሆነው ግጥምን እርግፍ አድርጎ ተወ። ከዚያ ኤደንና ሐረር ነጋዴ ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ 2,000 የሚጠጋ አሮጌ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ ሸዋ ገባ። ገዢው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ነበሩ። ንጉሡ እንጦጦ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገው፣ የሞተውን የራምቦን ሸሪክ ዕዳ ሁሉ ቀንሰው ከፈሉት። ገጣሚው ከስሮ ተመለሰ፤ በ37 ዓመቱም እ.ኤ.አ. በ1891 ማርሴይ ላይ ሞተ። ግጥሞቹን ዓለም እስከ ዛሬ ያነብባቸዋል። ግጥምን ትቶ ጠመንጃ የሸጠ ሰው ስሙን ያቆየለት የተወው ነገር መሆኑ፣ ማታ ማታ ከሒሳብ መዝገብ በኋላ ስንኝ ለምቋጥር ለእኔ ትንሽ ማጽናኛ ነው።

*

አሁን ወደ ቁስሉ እንምጣ፤ ወደ «ነፍጠኛ»።

ቃሉ ሲጀመር የሙያ ስም ነው። ፈረስ ያለው ፈረሰኛ እንደሚባል፣ ነፍጥ ያለው ነፍጠኛ ተባለ። በጎንደር ዘመን ራስ ሚካኤል ስሑል ገንነው የወጡት ለባሕር በር ቅርብ ስለነበሩና ብዙ ነፍጠኛ ስላሰለፉ ነው። ያን ጊዜ ነፍጠኛ ማለት የአንድ ብሔር ስም አልነበረም፤ የአንድ ችሎታ ስም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስም ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን አስገድደው 7 ቶን ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖልን ሲያሠሩ የፈለጉት ይህንኑ ችሎታ ነው። ነፍጥን መግዛት ሳይሆን መሥራት። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ መቶ ሺሕ ገደማ የሚሆን ጦር ሲሰለፍ አብዛኛው ነፍጥ ነበረው። የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ቀና ያለበት ድል በጦርና በጎራዴ ብቻ አልተገኘም፤ በዚያ ነፍጥም ነው። ይህ አንዱ የቃሉ ገጽ ነው፤ እናከብረዋለን፤ ልናከብረውም ይገባል።

ሌላው ገጽ ግን በዚያው ዘመን የተጻፈ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የሸዋ ጦር ወደ ደቡብ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ሲስፋፋ፣ ነፍጥ የያዘው ወታደር በየተራራው ራስ ላይ ሠፈረ። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ የዚያን ዓይነት የጦር ሠፈር ስም ነበር። መንግሥት ለወታደሩ ደመወዝ የሚከፍልበት ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ በገንዘብ ፈንታ ሰው ሰጠው። እንደ ማዕረጉ ይህን ያህል ገባር ተብሎ ይቆረጥለት ነበር። ገባሩ በአባቱ መሬት ላይ እያረሰ እህሉን ይሰፍራል፤ እንጨቱን ይለቅማል፤ ቤቱን ይሠራል፤ አጥሩን ያጥራል። ለእንዲህ ያለው ገባር ልጆች «ነፍጠኛ» የሙያ ስም አልነበረም። ጎህ ሲቀድ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ስም ነበር።

ይህን መካድ አይቻልም። ደግሞም ያ ነፍጥ ያዥ ሁሉ ከአንድ ብሔር እንዳልነበር መርሳት አይቻልም። ከምኒልክ ታላላቅ የጦር አለቆች አንዱ የኦሮሞው ተወላጅ ራስ ጎበና ዳጬ ነበሩ። በሠፈሩም ውስጥ ከየአቅጣጫው የመጣ፣ ሌላ መተዳደሪያ የሌለው ድኻ ወታደር ነበረ። በአንጻሩ የሰሜኑ ገበሬ፣ ነፍጠኛ ያልሆነው፣ በራሱ ቀዬ ለራሱ ጌታ ይገብር ነበር።

የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ የዚያ ሥርዓት መሠረት ተናደ። የሚገባው መሬት ቀረ፤ ገባርም ቀረ። ስሙ ግን ሥርዓቱን ተከትሎ አልሞተም። በተለይ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በነበረው ፖለቲካ ቃሉ ሙያን ትቶ ትውልድን ያዘ፤ ሰው ስለሠራው ሳይሆን ስለተወለደበት የሚጠራበት ሆነ። አንዳንዱ ሲሰደብበት አጎነበሰ። አንዳንዱ «አዎ ነኝ» ብሎ ኮራበት። ነፍጡ ተወስዶ «ኛ» ብቻዋ ቀረች ማለት ነው። ዛሬ በዚህ ቃል ከሚጠሩት ብዙዎቹ ነፍጥ ያዩት በባንክ በር ላይ ነው።

እኔ የታሪክ ሊቅ አይደለሁም፤ የማውቀው የዕዳን ሕግ ነው። በሙያችን ሁለት ነገር የተከለከለ ነው። አንደኛው፣ ሰውን ባልፈረመው ብድር መጠየቅ ነው፤ የአያቱን ዕዳ በስሙ መመሳሰል ብቻ ከልጅ ልጁ መቀበል ማጭበርበር ይባላል። ሁለተኛው፣ የዕዳውን መዝገብ መደበቅ ወይም መፋቅ ነው፤ ይህም ማጭበርበር ይባላል። ስለ ነፍጠኛ ስንነጋገር ግማሻችን የመጀመሪያውን ወንጀል፣ ግማሻችን ሁለተኛውን እንሠራለን። መዝገቡ ይነበብ። የገባሩ እንባ ከነመጠኑ፣ የዐድዋው ደም ከነክብሩ ይነበብ። ከተነበበ በኋላ ግን በሰልፍ ላይ ከፊታችን በቆመው ሰው ስም ላይ አይመዝገብ።

*

ይህን ሁሉ ለጋሼ የምነግርበት ቀን የመጣው መብራት በጠፋበት ከሰዓት ነው። ጀሪካኑን ይዘው ወደ ጄኔሬተሩ ሲሄዱ ተከተልኳቸው።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ የጠየቁኝን አገኘሁት። ነፍጥ ማለት መጀመሪያ ከመሬት የሚፈልቅ የሚነድ ዘይት ነበር።»

ቆም ብለው አዩኝ። «ዘይት?»

«አዎን። ዐረቦች ዛሬም ነዳጅ ዘይትን ነፍጥ ነው የሚሉት። ጣልያኖች ደግሞ ያንኑ ቃል ናፍታ ይሉታል። ከእነርሱ ተቀብለን እኛ...»

ሳልጨርስ እጃቸው ላይ ያለውን ጀሪካን አዩት። «ናፍጣ!» አሉ።

«ናፍጣ» አልኳቸው።

አንዱ ቃል በዐረብ በር ከአምስት መቶ ዓመት በላይ በፊት ገብቶ ነፍጥ ሆነ፤ ያው ቃል በጣልያን በር፣ በመኪና ዘመን ተመልሶ ገብቶ ናፍጣ ሆነ። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች በአንድ ሀገር፣ በአንድ ቋንቋ፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው ትከሻና እጅ ላይ እየተገናኙ ሳይተዋወቁ ኖሩ። ለካ ከኩዌትና ከሳዑዲ በሐዋላ የሚመጣውን፣ እህቶቻችን ደክመው የሚልኩትንና በየቀኑ በመስኮቴ ለእናቶች የምቆጥረውን ብርም በሩቁ የሚወልደው ይኸው ነፍጥ ነው።

ጋሼ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አውርደው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። በሁለት እጃቸው ናፍጣውን ቀዱና ጄኔሬተሩን አስነሡት። ከውስጥ አምፖሎቹ በሩ። «እንግዲህ» አሉኝ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ስንት ዓመት ሙሉ አንዱን ወንድም ስወለውል፣ ሌላውን ስቀዳ ኖሬያለሁ። እስካሁን ሥራ የሠራልኝ ግን ይኼኛው ነው።»

ያ ጎልማሳ ደንበኛ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ እኔ መስኮት አልመጡም። ቢመጡ ኖሮ ምን እንደምላቸው አስቤ ነበር። ስለ ናፕጡና ስለ ኩል መያዣው አላወጋቸውም። ገንዘባቸውን ቆጥሬ ሰጥቼ፣ «እባክዎ እዚሁ ይቁጠሩት፤ ተራው የእርስዎ ነው፤ ማንም አያስቸኩልዎትም» እላቸዋለሁ።